ሐመሩ ሐ

ማስተዋል ስብሰባ መምራት የምትችል ልጅ ነበረች። ይህን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። ከደብረ ብርሃን ተነሥታ መቐለ ኮሌጅ ልትማር የመጣች ጊዜ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠውን ሰው «መስኮቱን ዝጋልኝ» ለማለት አፍራ ብርድ ሲጠብሳት የዋለች ልጅ ናት። በሦስተኛ ዓመቷ ግን ሠላሳ ሰው ፊት ቆማ «አጀንዳችን ሦስት ነው፤ ከአጀንዳ ውጭ የሚናገር እጁን አያውጣ» ስትል የሚያጉረመርም አልነበረም። እንዲህ ያደረጋት ክበቡ ነው።

ክበቡ «የድምፅ ንባብ ክበብ» ይባላል። ሥራው ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች መጽሐፍ ማንበብ፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ አብሮ ገብቶ ጥያቄውን ማንበብና እነሱ ያሉትን መልስ ማጥቆር ነው። ከጦርነቱ በፊት አንባቢ የሚፈልገው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር። ኮሌጁ ዳግም ሲከፈት አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ለምን እንደበዙ መቐለ ውስጥ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ማስተዋል ሊቀመንበር ሆና ስትመረጥ ክበቡ መላ ቅጡ የጠፋ ነበር። አንባቢ በቀጠሮው አይገኝም፤ የተገኘውም እንደልቡ ነው። በዚያው ሰሞን አንዱ አንባቢ ትክክለኛው ምርጫ ላይ ሲደርስ ድምፁን ጎላ ያደርጋል ተብሎ ፈታኙ ወረቀቱን ነጠቀ፤ የተማሪው ፈተና ተሰረዘ። ልጁ ዓመቱን ደገመ። እሷም እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አይደርስም ብላ ሦስት መስመር ደንብ ጻፈች። አንባቢ የተጻፈውን ብቻ ያነባል። ተፈታኝ ፊደሉን ብቻ ይናገራል። አንባቢ የተባለውን ያጠቁራል እንጂ ደግሞ አይጠይቅም። በፕላስቲክ አስለብጣ የክበቡ በር ላይ ለጠፈችው።

ደንቡ ሠራ። ፈታኞች ማጉረምረም ተዉ፤ አንባቢዎች በሰዓታቸው መጡ። ሓወልቲ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ለተማሪ ማኅበራት መሪዎች የሦስት ቀን የአመራር ክህሎት ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር፤ እዚያ ደንቧን ስታቀርብ አሠልጣኙ «ሥርዓት መዘርጋት ማለት ይህ ነው» ብሎ አስጨበጨበላት። የምስክር ወረቀቷን ከደንቡ ጎን ሰቀለችው። ይገባታል፤ ለፍታበታለች። ሥልጠናው ስለ አጀንዳ፣ ስለ ምልዓተ ጉባኤ፣ ስለ ቃለ ጉባኤ አያያዝ በደንብ አስተምሯታል። ስለ ጆሮ ያስተማራት ነገር ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ሽሻይ ልምጣ።

ሽሻይ ጦርነቱ ሲጀመር ሊመረቅ አንድ ዓመት የቀረው ተማሪ ነበር። ዓይኑን እንዴት እንዳጣ ሲናገር የሰማ የለም፤ እኔም ያልሰማሁትን አልፈጥርም። ኮሌጁ ሲከፈት ዱላውን ይዞ ተመለሰ፤ የቀረውን አንድ ዓመት ክበቡ እያነበበለት በማዕረግ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ሥራ መጠበቅ ሆነ። ማመልከቻ ያላስገባበት ቢሮ የለም። ፊት ለፊት አይሆንም የሚለው አልነበረም፤ «እንደውልልሃለን» ይሉታል፣ ስልኩ ግን ጮኾ አያውቅም።

አንድ ቀን ግን ለእሱ የተቆረጠ የሚመስል ማስታወቂያ ወጣ። አንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት የሕዝብ አቤቱታ በነፃ ስልክ የሚቀበል ክፍል መቐለ ሊከፍት ነው። ሁለት ሠራተኞች ይፈልጋል። ማየት የተሳናቸው ምሩቃን እንዲወዳደሩ ያበረታታል። ዕድሜ ከሠላሳ በታች። ሽሻይ በጥር ሠላሳ ዓመቱን ይደፍናል፤ ፈተናው ኅዳር ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ እንዲህ ያለ በር እንደማይከፈትለት እሱም ያውቃል፣ እናቱም ታውቃለች፣ ማስተዋልም ታውቃለች።

ሁለት ወር ሙሉ ራሷ አነበበችለት። ከክፍል መልስ ክበቡ ቢሮ ይገናኛሉ፤ አዋጁን፣ መመሪያውን፣ የአቤቱታ አቀባበል ሥርዓቱን አንድ በአንድ። እሱ አንዴ የሰማው አይጠፋውም። አንቀጽ ብትዘልበት «ቁጥር አራትን የት አደረስሽው?» ይላታል። ትሥቃለች። እናቱ ኣደይ ኣዳነች አማርኛቸው እምብዛም ነው፤ ሕምባሻ ጋግረው በጨርቅ ጠቅልለው ይልኩላታል። አንድ ቀን ራሳቸው ይዘው መጥተው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና «ዓይኒ ወደይ» አሏት። የልጄ ዓይን ማለታቸው ነው። ማስተዋል የዚያን ቀን ዶርሟ ገብታ አለቀሰች፤ በደስታ ነው።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ስብሰባ ጠራች። ምክትሏ ሃይላይ የመቐለ ልጅ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ነገሩን ከሩቅ የሚጀምር። እሷን ደግሞ ከሩቅ የሚጀምር ሰው ያሳክካታል። ስብሰባው ሊበተን ሲል እጁን አወጣ።

«አንዲት ነገር ነበረችኝ። ስለ ፊደሎቹ ነው» አለ። «እስከ ዛሬ ያነበብነው ፈተና ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ይኼ የሽሻይ ግን አማርኛ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እና እኛ ስንናገር...»

«ሃይላይ፣ አጀንዳ ላይ ተይዟል?»

«አልተያዘም። ግን...»

«ፊደል እንዴት እንደሚነበብ ክበብ አይወስንም። ሁላችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እናውቀዋለን።» ሰዎች ሣቁ። «በጽሑፍ አምጣውና በሚቀጥለው እናየዋለን።»

ሃይላይ እጁን አወረደ። እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ልጁ የፈለገው ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ብትሰጠው ኖሮ ይህን ታሪክ የማወራበት ምክንያት አይኖርም ነበር። እሱም ቢሆን «አይ፣ ትሰሚኛለሽ» ብሎ ድርቅ አላለም። የተሣቀበት ሰው ነዋ።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ሓወልቲ፣ መሥሪያ ቤቱ በተከራየው አዳራሽ። ሽሻይ ሱፉን ለብሶ መጣ፤ እናቱ ተኩሰውለታል። በሩ ላይ ክንዷን ይዞ ቆም አለ።

«ማስተዋል፣ ፊደሉን ከምናገር መልሱን ራሱን ብናገርስ? አይሻልም?»

«ፊደሉን ብቻ» አለችው። «ፈታኙ ወሬ የምናወራ ከመሰለው አለቀልን። ደንቡን ታውቀው የለ?»

«ሕራይ» አለ። እሺ ማለቱ ነው።

ፈተናው ስድሳ ጥያቄ ነው። ጥግ ላይ ጠረጴዛ ተሰጣቸው፤ ፈታኙ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ማስተዋል ማንበብ ጀመረች። ሃ ብላ የመጀመሪያውን፣ ለ ብላ ሁለተኛውን፣ ሃ ብላ ሦስተኛውን፣ መ ብላ አራተኛውን። የእሷ አገር ሰው አፍ ላይ ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ አንድ ናቸው። አንድ በመሆናቸውም ሰው ሦስተኛውን ሲፈልግ «ሐመሩ» ይላል፤ «ሐመሩ» ካላለ የመጀመሪያውን ማለቱ ነው። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም፤ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። ለትግርኛ ተናጋሪው ለሽሻይ ደግሞ ሁለቱ ፊደላት በ እና ከ የሚራራቁትን ያህል የተራራቁ ናቸው። አንዱ ከአፍ ይወጣል፣ አንዱ ከጉሮሮ። «ሐመሩ» ብሎ መጨመር ለምን ያስፈልገዋል? ተናግሯል እኮ፤ አጥርቶ ተናግሯል።

«ሰባተኛ» አለች። «ደዋዩ ስሙን ለመናገር ካልፈለገ ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ሀ፣ ስሙን እስኪናገር አቤቱታውን አይቀበልም። ለ፣ ወደ ፖሊስ ይመራዋል። ሐ፣ ስሙ ሳይጠቀስ አቤቱታውን ይመዘግባል። መ፣ በአካል እንዲቀርብ ያዘዋል።»

«ሐ» አለ ሽሻይ ወዲያው።

ጆሮዋ የሰማው ሃ ነው። እርሳሷ ቆመ። ይህን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አንብበውታል፤ በቃሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ምነው ሽሻይ አለች በሆዷ። ቀና ስትል ፈታኙ እያያት ነው። አፏን ከፈተች፤ ያ ዓመቱን የደገመው ልጅ ትዝ አላት፤ በሩ ላይ የለጠፈችው ሦስተኛው መስመር ትዝ አላት። አፏን ዘጋችና የመጀመሪያዋን ክብ አጠቆረች።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው ተደጋገመ። በአሥራ አንደኛው፣ በአሥራ አራተኛው፣ በሃያ ሁለተኛው። ልጁ ተደናግጧል ብላ አዘነችለት፤ ግን አጠቆረች። ሽሻይ ደግሞ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረ። ሲወጡ ክንዷን ጨመቅ አድርጎ «ቀላል ነበር፣ አይደል?» አላት። ምን ትበለው? «አዎ» አለችው።

ውጤቱ ሰኞ ጠዋት ሓወልቲ፣ የመሥሪያ ቤቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሽሻይና እናቱ ከቁሓ መጡ፤ ማስተዋልና ሃይላይም ደረሱ። አንደኛው ሃምሳ ሦስት፣ ሁለተኛው ሃምሳ አንድ። ሽሻይ ሦስተኛ፤ አርባ ሦስት።

«አንብቢልኝ» አላት።

አነበበችለት። «ከስድሳ ነው?» አለ፤ «ከስድሳ» አለችው። ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አንቺን ነው ያደከምኩሽ። ይቅርታ» አላት፤ እናቱም እጁን ይዘው ወደ ታክሲው መሩት። እስኪያልፉ ድረስ የእናቱ ነጠላ ጫፍ መሬት ይጠርግ ነበር፤ አላነሡትም።

ሃይላይ ግን ከግድግዳው አልተነቀለም። «አርባ ሦስት አይሆንም» አለ። «ሽሻይ አርባ ሦስት አያመጣም።»

«ፈርቶ ነው» አለች ማስተዋል። «ሰባተኛውን እንኳ ሳተው፤ ያን የስሙን። ሃ አለ።»

«የትኛውን?»

«ሃ ነዋ። የመጀመሪያውን።»

ሃይላይ ዞር ብሎ አያት። «እስኪ ስሚኝ። አሁን ምን አልኩ? ሀ።» ትንሽ ቆየ። «አሁንስ? ሐ።»

«ሃ አልክ። ሁለቱንም ጊዜ ሃ አልክ። ምንድነው ነገሩ?»

ግንባሩን በመዳፉ ያዘው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ከሩቅ ሳይሆን በቀጥታ ጠየቃት፤ «ከስድሳው ስንት ጊዜ ሦስተኛዋን ክብ አጠቆርሽ?»

ማስተዋል አሰበች። ወረቀቱ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። የመጀመሪያው ረድፍ ጥቁር በጥቁር ነው፤ ሁለተኛውና አራተኛውም አሉበት። ሦስተኛው ረድፍ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፤ አንድም የለበትም። የግድግዳውን ድንጋይ ያዘች።

«ሕጂ ግቢ» አለ ሃይላይ። «አሁኑኑ። 'ያጠቆርኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ፣ ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡለት' ብለሽ ጻፊ። አንድ ገጽ አይሞላም።» ከውጤቱ ሥር በትንሹ ተጽፏል፤ ቅሬታ ያለው እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት በጽሑፍ ያቅርብ። የቢሮው በር ከቆሙበት አሥር እርምጃ አይርቅም። ክፍት ነበር።

«ኮሚቴው ሳይወስን?» አለች ማስተዋል።

ለዚህ የምታቀርበው ምክንያት ነበራት፤ እውነትም ነው። ክበቡ ተሳስቶ አጠቆረ ተብሎ ከታወቀ ኮሌጁ የማንበብ ፈቃዱን ሊያነሣ ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ ዘጠኙ ልጆች ፈተና አለባቸው። ሌላም ምክንያት ነበራት። የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ለፕሬዚዳንትነት ከቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ይህን ሁለተኛውን ለሃይላይ አልነገረችውም። ለራሷም በግልጽ አልነገረችውም። «በግሌ የምወስነው አይደለም፤ ሥርዓት አለን» አለችና ስልኳን አውጥታ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራች። ለሽሻይ ግን አልደወለችም።

ማክሰኞ ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ መጡ። ምልዓተ ጉባኤ አምስት ነው። «አልተሟላም» አለች፤ ቃለ ጉባኤው ላይም አጻፈች። ሃይላይ ጠረጴዛውን ሊሰብረው ምንም አልቀረው። «እሳት የተነሣበት ቤት ምልዓተ ጉባኤ አይጠብቅም» አለ። እሷ ለረቡዕ ስምንት ሰዓት ቀጠረች።

ረቡዕ ስድስት ሆኑ። ማቲያስ የሚባል፣ ሕግ የሚማር አባል ነበር፤ «ይህን መጻፍ ክበቡን በገዛ እጃችን መቅበር ነው፤ ለአንድ ሰው ብለን አሥራ ዘጠኝ ሰው እንጎዳለን?» አለ። ሃይላይ «አንድ ሰው አትበለው፤ ስም አለው» አለ። ሰዓቱ ሄደ። እጅ ሲወጣ ሦስቱ ይጻፍ አሉ፣ ሁለቱ አይጻፍ። በመተዳደሪያው መሠረት ለማሳለፍ አራት ድምፅ ያስፈልጋል። የቀረችው ማስተዋል ብቻ ናት። ሁሉም አያት።

«በመርህ እስማማለሁ» አለች። «አገላለጹ ላይ ግን እንወያይ።»

ወይ ጉድ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው ይህን ያለችው። «ተሳስቻለሁ» የሚለው ከባድ ነው፤ «የአረዳድ ክፍተት ተፈጥሯል» ቢባልስ? «በአንባቢዋ» ከሚል «በንባብ ሂደቱ» ቢባልስ? አንዱ ቃል ሲወጣ ሌላው ሲገባ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆነ። ከዚያ ማኅተም ይደረግበት አለች፤ ማኅተሙ የዲኑ ጸሐፊ ጋ ነው፤ ጸሐፊዋ ወጥታለች፤ ትጠበቅ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እጇ ገባ። ያኔ ሮጠች። ነዳጅ የጠፋበት ሰሞን ነው፤ ባጃጅ እንደልብ አልነበረም፤ ሓወልቲ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዘበኛው «ዘግተው ወጡ እኅቴ፤ ነገ ነይ» አላት። ነዳጅ ጠፍቶ ነው ብላ ብታመካኝ ማን ይከለክላታል? ቢሆንም ከሰኞ ጠዋት እስከ ረቡዕ ማታ ያለው ጊዜ በነዳጅ አልጠፋም። እሷም ታውቀዋለች።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ሲከፈት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። አቶ ከፋለ የሚባሉ የሰው ኃይል ኃላፊ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የአረዳድ ክፍተት ሲባል ምን ማለት ነው?» አሏት።

ነገረቻቸው። አሁን ሳትሸራርፍ፣ ሁለቱን ፊደላት ሳይቀር። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ትላንት ስምንት ሰዓት ላይ ብትመጪ የጥያቄው ወረቀት እዚሁ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በዚያው ሰዓት አስጠርቼ፣ ሌላ አንባቢ አስቀምጬ ማስደገም እችል ነበር፤ ደንቡ ይፈቅድልኛል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታሽጎ ሄደ። ሁለቱ ልጆችም ወዲያው ውል ፈረሙ፤ ዛሬ ሥራ ይጀምራሉ።» ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ደግሞ ይህን ማኅተም ምን አመጣው? ያጠቆርሽው አንቺ ከሆንሽ ያንቺ ፊርማ ይበቃ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ማስተዋል።

ከዚያ ቁሓ መሄድ ብቻ ቀረ። ሃይላይ «ብቻሽን አትሄጂም» ብሎ አብሯት ተነሣ። የኣደይ ኣዳነች ቤት ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከአንዱ ማዕዘን የተመታው ጎኑ በቆርቆሮ ተሸፍኗል። በር ላይ ገና ሲያይዋት «መጺኣ ዓይኒ ወደይ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ማስተዋል እጃቸውን ጨብጣ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሽሻይ መደብ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ዘጋው። ሱፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

አንድም ሳታስቀር ነገረችው። በአማርኛ ነው፤ ሌላ ቋንቋ የላትም። ሰባተኛውን ነገረችው፣ ነጩን ሦስተኛ ረድፍ ነገረችው፣ ሃይላይ እጁን አውጥቶ እንደነበር፣ እሷ እንዳስወረደችው ነገረችው። ስብሰባውንም፣ ማኅተሙንም፣ ምርጫውንም። እናትዮዋ ጥግ ላይ ቆመው አንዴ የልጃቸውን፣ አንዴ የእሷን ፊት ያያሉ።

ሽሻይ እስክትጨርስ ጠበቃት። አልጮኸም፤ ቢጮኽባት በወደደች።

«እና ሰባተኛው ትክክል ነበር» አለ።

«ትክክል ነበር። የሳትኩብህ ሲቆጠር ከሃምሳ ሦስት በላይ ነበረህ። አንደኛ ነበርክ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አለ ሽሻይ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

ሰማችው። ሐሙስ ሲል ቃሉ የጀመረበትን ድምፅ፣ ያን ከጉሮሮ ሥር ተቦጭቆ የሚወጣውን፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ሀ አይደለም። በጭራሽ አይመስለውም። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሲለው የኖረው ነገር ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እንባዋ በጣቶቿ መካከል ወረደ።

«እንታይ ትብል ኣላ?» አሉ እናቱ። ምን እያለች ነው ማለታቸው ነው፤ ይህን ታውቀዋለች።

ሽሻይ ፊቱን ወደ እናቱ መለሰ። በትግርኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ ከሁለት አይበልጥም። ማስተዋል አንገቷን ደፍታ የሚመጣውን ጠበቀች። ቢረግሟት፣ ቢያስወጧት፣ ቢመቷትም ተዘጋጅታለች። ኣደይ ኣዳነች መጥተው አጠገቧ ተንበረከኩና እቅፍ አደረጓት። በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት። «ኣይትብከዪ ጓለይ» ይሏታል፤ አታልቅሺ ልጄ። ስትወጣ ሕምባሻ በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱላት። ሽሻይ በሩ ድረስ ሃይላይን ሸኘው፤ ለእሷ እጁን አልዘረጋም።

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ማስተዋል ቆመች። «ምን አላቸው?» አለችው።

ሃይላይ መንገዱን ያይ ነበር። «'ራሴ ተሳስቼ ነው የወደቅሁት፤ እሷ ልታጽናናኝ መጥታ አለቀሰች' ነው ያላቸው።»

«ለምን?»

«እኔም በሩ ላይ ጠየቅሁት። 'እናቴ የምትጠላው ሰው በዝቶባታል፤ ሌላ አልጨምርላትም' አለኝ። ደግሞ ሁለተኛ እንዳትመጪ ብሏል።»

ማስተዋል ቦርሳዋን ከፈተች። ከሕምባሻው ሥር የክበቡን ቢሮ ቁልፍ አውጥታ ዘረጋችለት። ሃይላይ ቁልፉን አየው፤ አጀንዳ ላይ አለ ወይ አላላትም። ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ባጃጅ አስቁሞ ብቻውን ሄደ።

እሷም በኋላ አንድ አገኘች። ከኋላ ተቀምጣ፣ የሞቀውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ያን ሐ ለመናገር ሞከረች። ሃ። አልሆነም። ጉሮሮዋን ጠበብ አድርጋ ደገመችው፤ ሃ። እንደገና ሃ። ጆሮዋ አሁን ስለሚለይ እንዳልመጣላት ታውቃለች። ኤርፖርቱን እስኪያልፉ ድረስ ሞከረች።

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። «አጥንት ነገር ተሰንቅሮብሽ ነው እኅቴ?» አለና ከእግሩ ሥር የውሃ ኮዳ አንሥቶ አቀበላት።